አንድ መስታወት ሁለት ጊዜ አይሸጥም

በመስታወት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም ሜትሯ ይሏታል። ደንበኛ የመስኮቱን ስፋት ክንዱን እየዘረጋ፣ ቁመቱን በእጁ እያሳየ ሲንተባተብ እሷ በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። ከዚያ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ወደ ጓሮ በሚያወጣው ክፍት በር በኩል አንድ ጊዜ ዘወር ብላ ታይና ዋጋውን ትጠራለች። ካልኩሌተር ነክታ አታውቅም። ዋጋም ሁለት ጊዜ አትጠራም። ተከራካሪ ያጋጠማት እንደሆነ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ ሰውየው ወሬውን እስኪጨርስ የሚያልፉትን መኪኖች ትቆጥራለች። ሌላው ሰው የሚንቀው ሲናደድ ነው። የእሷ ንቀት ግን እንደ መነጽር ነው፤ ጠዋት አድርጋው ትወጣለች፣ ማታ ስትተኛ ታወልቀዋለች።

ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ግማሹን ያሳለፈችው እዚያች በርጩማ ላይ ነው። አባቷ ሁለት ልጆች ነበሩት። ወንዱን ሩቅ ትምህርት ቤት ሰደደው፤ ሴቷን “አንቺ ዓይን አለሽ” ብሎ ከጎኑ አስቀመጣት። ሲሞት ሱቁን ለወንዱ፣ በርጩማውን ለሴቷ አወረሰ። ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ ክፍፍሉ ደግ ነው አለ፤ ዘመድ ምን ቸገረው። አንድ ጊዜ አግብታም ነበር። ባሏ በአራተኛው ዓመት “እንደ መስታወት አሻግረሽ ነው የምታዪኝ” ብሏት ሻንጣውን ይዞ ወጣ። እሷም አልተከራከረችውም፤ እንደ ልማዷ መኪና ቆጠረች።

አባቷ ከበርጩማው ጋር አንድ ሕግ ትቶላታል። መስታወት ከፋብሪካ የሚመጣው ሰው የሚያህል ሙሉ ሆኖ ነው። ለአንድ ደንበኛ መስኮት ሲቆረጥ ዳር ዳሩ ይተርፋል፤ ያንን ትራፊ የሚከፍለውም ሙሉው የተከፈተለት ደንበኛ ነው። በሠፈሩ ያሉት ሌሎች መስታወት ቤቶች ይህን የተከፈለበት ትራፊ አንስተው ለሌላ ሰው እንደ አዲስ ይሸጡታል። አባቷ ግን “አንድ መስታወት ሁለት ጊዜ አይሸጥም” ይል ነበር። ስለዚህ ትራፊው ጓሮ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ተገትሮ ይቆያል። ትንሽ መስታወት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ከዚያ ይወጣለትና የመቁረጫውንና የጠርዝ መሞረጃውን ብቻ ከፍሎ ይሄዳል። ሜትሯ ዘወር ብላ የምታየው ይህንን መደርደሪያ ነው። የትኛው ቁራጭ የት እንደቆመ፣ የትኛው ጥጉ እንደተሸረፈ፣ ከማን ሥራ እንደተረፈ በቃሏ ታውቀዋለች። ሰው ሁሉ ዋጋው በጭንቅላቷ ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ ግማሹ ግን ከኋላዋ ነው።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰዓት ጠጋኝ አለ። ሥራውን የሚሠራው የማሳያ ሳጥኑን በክርኑ ተደግፎ ስለሆነ በየጥቂት ወሩ መስታወቱ ይሰነጠቅበታል። ልኩን በወረቀት ጽፎ ይመጣል፤ ልኩ በሃያ ዓመት ውስጥ ተለውጦ አያውቅም፣ እሱ ግን በየጊዜው ይጽፈዋል። “ክርንህን ብታስቆርጠው ይሻልሃል” ትለዋለች ሜትሯ፤ ዘወር ብላ ታይና የአንድ ምሳ ዋጋ የማይሞላ ትጠራለታለች። ሰውየው ከሷ አንደበት ደግ ቃል ሰምቶ አያውቅም፤ ወደ ሌላ መስታወት ቤት ሄዶም አያውቅም።

የሱቁ ባለቤት የሆነው ታናሽ ወንድሟ ይህን ሁሉ አያውቅም። እህቱ ለትንንሽ ደንበኞች ዋጋ የምትቀንሰው አዝናላቸው ነው ብሎ ያምናል፤ ለሰውም እንደዚያው ያወራል። ለእሷ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም፤ ለማንም አዝና አታውቅምና። ታዲያ ለምን አላስረዳችውም የሚል ካለ፣ መቼ ጠየቃትና። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለውን ተረት እንደ መታወቂያ ወረቀት ይዛው ነው የምትዞረው።

አንድ ሰኞ ወንድሟ የሦስት ቀን የንግድ ሥልጠና ጨርሶ ተመለሰ። ይዞ የመጣው አንድ የጨርቅ ቦርሳ፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ ሐሳብ ነበር፤ ከሦስቱ የሚሠራው እስክሪብቶው ብቻ ነበር። ሐሳቡ ከእንግዲህ ዋጋ የሚጠራው በስልክ አፕ ነው የሚል ነው። ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ተከራይቷል፣ ሦስተኛም እያሰበ ነው፤ እህቱን ደግሞ ቆራርጦ በየሱቁ ማስቀመጥ አይችልም። ልኬት የሚወስዱት ሦስቱ ሠራተኞችም ደንበኛው ቤት ቆመው ስልካቸውን ነካ ነካ አድርገው ዋጋውን እዚያው መናገር አለባቸው። “ከዚያ በኋላ አንቺ ታርፊያለሽ፣ እትዬ” አላት። ማረፍ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ አባቷም የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት አርፏል። ከዚያች በርጩማ ከወረደች በዓለም ላይ የእሷ የሚባል ነገር አይኖራትም። ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አማካሪ ተቀጠረ። ጫማው ያብረቀርቃል፤ ካልሲ ግን አያደርግም። ሜትሯን “እናቴ” እያለ ይጠራት ጀመር። እናቱ ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትነግረው ስለ ካልሲው ነበር።

ችግሩ እውነት ችግር ነው። ወንድሟና ሚስቱ አንድ ዓይነት ውድ ስልክ አላቸው። ሦስቱ ሠራተኞች የሌላ ዓይነት ርካሽ ስልክ አላቸው፤ የመስታወት ቤት ሠራተኞች ሆነው የሦስቱም ስልክ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ተነሥቶ እስኪከፈት ውኃ አፍልተህ የምትጠጣበት አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ለአንዱ የተሠራ ፕሮግራም በሌላው አይከፈትም፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ማሠራት ደግሞ ወጪው ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተጻፈውን በሁሉም ላይ የሚያስኬድ የፕሮግራም መሥሪያ መምረጥ ያስፈልጋል። እስከዚህ ድረስ ሜትሯም ገብቷታል፤ ሞኝ አይደለችም። ሞኝነቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለው መሥሪያ ለካ ብዙ ነው። አማካሪው አራቱን አምጥቶ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራቸው። የአንዱ ምልክት ቀለበት፣ የአንዱ ላባ ይመስላል፤ ለሁለቱ ቀለበቱና ላባው ብላ ስም አወጣችላቸው፣ የቀሩትን ሁለቱን ስም ለማውጣት እንኳ ናቀቻቸው። በየረቡዕ ጠዋት ስብሰባ ሆነ። ሠላሳ ሁለት መስመር ያለው ሰንጠረዥ ተሠራ፤ በየመስመሩም ኮከብ ይሰጣል። ለፍጥነት ሦስት ኮከብ፣ ለውበት አራት ኮከብ፣ ለወደፊት ተስፋ አምስት ኮከብ። የወደፊቱን ኮከብ ቆጥሮ የሚናገር ጠንቋይ ብቻ ይመስላት ነበር። ወንድሟ ለቀለበቱ ቆመ፣ ሚስቱ ለላባው፤ ባልና ሚስቱ በዚህ ነገር ሁለት ቀን ተኳርፈው ሰነበቱ ተባለ። ሁለቱም ስለ መሥሪያዎቹ የሚያውቁት የምልክታቸውን ቀለም ነው።

ሜትሯ ጀርባዋን ሰጥታቸው ደንበኛዋን ታስተናግዳለች። በእነዚያ ሁሉ ሳምንታት አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቋት። አማካሪው “እናቴ፣ አፑ ላይ የሚነካው ቁልፍ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ?” አላት። ዋጋው የሚነበብ ከሆነ ጥቁር ይበቃል አለችው። ሳቁና ለቀጣዩ ረቡዕ አሳደሩት፤ አረንጓዴና ሰማያዊው ሦስት ረቡዕ በላ። ዋጋ የሚባለው ነገር ከምን እንደሚሠራ የጠየቀ ግን አልነበረም። የጓሮውን በር ተሻግሮ ያየም አልነበረም። ስለ ዋጋ ሲያወሩ ስፋት በቁመት ተባዝቶ ያለቀ ነገር ነው የሚመስላቸው፤ ለዚያማ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ይበቃ ነበር።

ጓሮ የሚቆርጠው ሽማግሌ ከአባቷ ዘመን ጀምሮ አለ። አንድ ጣቱን በወጣትነቱ ለመስታወት ስለገበረ ባለዘጠኙ ይሉታል። እሱ መቁረጫውን ዘይት እያስነካ “ጫማ ሲያማርጡ ገበያው ተበተነባቸው” አለ። ሜትሯም ያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት የሙከራ ቀን ደረሰ። በቀለበቱ የተሠራው ናሙና በውዶቹ ስልኮች ላይ አምሮ ተከፈተ፤ በሠራተኞቹ ስልኮች ላይ ግን ስልኩ አርጅቷል ብሎ ከነጭራሹ እንቢ አለ። በላባው የተሠራው በሁሉም ተከፈተ። ችግሩ፣ በወንድሟ ስልክ ላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያለውን መስታወት በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነጥብ ሁለት አደረገው። አማካሪው መጀመሪያ ጥፋቱ የመሥሪያው ሳይሆን የኮምፒውተሩ ነው አለ። ቀጥሎ የኮምፒውተሩ ሳይሆን የነጥቡና የነጠላ ሰረዙ ነው አለ። በመጨረሻም ከጥቂት ወራት በኋላ ይህ ሁሉ የሌለበት አዲስ መሥሪያ ስለሚወጣ መጠበቁ ብልህነት ነው አለ። አልሸሹም ዞር አሉ ነው። በሳምንቱ ሌላ ደንበኛ አግኝቶ ፕሮጀክተሩን ይዞ ሄደ። ሜትሯ በመስኮቷ በኩል ቁርጭምጭሚቱን እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

ከዚያ ወንድሟ በአማካሪው ምትክ ያስመጣት ባለሙያ፣ ዝምተኛዋ፣ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጫማዋ ዝቅ ያለ፣ ቦርሳዋ የጀርባ ነው። ካልጠየቋት አትናገርም፤ ይህ ብቻውን ሜትሯን ደስ ሊያሰኛት ይገባ ነበር። ገብታ ሰላም ካለች በኋላ ያለችው የመጀመሪያ ነገር “ከሁላችሁ የባሰውን ስልክ ስጡኝ” የሚል ነው። ከሦስቱ ሠራተኞች የአንዱን ሰጧት፤ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀና ጥሪ ሲመጣ የሚጠፋ ስልክ። ጥግ ላይ ተቀምጣ ነካካችው፤ ኔትወርኩን አጠፋች፣ መልሳ አበራች። ከዚያ ቀለበትም ላባም አያስፈልግም አለች። ሁሉም ስልክና ኮምፒውተር ኢንተርኔት መክፈቻ አለው፤ በዚያው ላይ የሚከፈት አንድ ተራ ገጽ ትሠራለች፤ አንዴ ከተከፈተ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል፤ በዚህ ስልክ ላይ ከሄደ በሁሉም ላይ ይሄዳል። የአሥራ አንድ ሳምንቱ ምርጫ የቀረበላት ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ወንድሟ ትንሽ ቅር ብሎት ነበር፤ ይህን ያህል ቀላል የሆነ ነገር ጥሩ ሊሆን ይችላል ብሎ ማመን አቃተው።

ሜትሯ ይህችን ልጅ ልትንቃት ሞከረች፣ አልሆነላትም። ስለዚህ ጠላቻት።

ዝምተኛዋ ደብተሯን ይዛ ሦስት ቀን ከበርጩማው አጠገብ ተቀመጠች። ዋጋ እንዴት እንደሚሠራ እየጠየቀች ትጽፋለች። የአራት ሚሊና የስድስት ሚሊ ውፍረት ልዩነት፣ ጠርዙ ሲሞረድ፣ ቀዳዳ ሲበሳ፣ ማዕዘኑ ክብ ሲሆን፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ መውጣት ሲኖር። ሜትሯ ለሁሉም እውነቱን መለሰች፤ ግን እንደ ቴሌግራም ቃል ቆጥራ ነው የምትመልሰው። ልጅቷ ቅር አላላትም። የማይገባትን አይገባኝም ትላለች፤ ሲገባት ደግማ አትጠይቅም። ደንበኛ ሲመጣ ዝም ብላ ታያለች። የምታየው ደንበኛውን ሳይሆን ሜትሯን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘና ሰው ጠፋ። ልጅቷ ተነሥታ በጓሮ በር ወጣች። ከዚያ ስትመለስ ጣቶቿ አቧራ ነክተዋል። ተቀመጠችና ደብተሯን ገለጠች።

“እትዬ፣ ከኋላ ያሉት ቁራጮች ዋጋው ውስጥ ይገባሉ እንዴ?” አለች። “እርስዎ ዋጋ ከመጥራትዎ በፊት ሁልጊዜ ወደዚያ ያያሉ።”

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ያየ ሰው አልነበረም። ወንድሟ አላየም፣ ባሏ አላየም፣ በየቀኑ ፊት ለፊቷ የሚቆመው ደንበኛ አላየም። መልሱ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ ሕጉም፣ አባቷም፣ መደርደሪያውም። መናገሩ ምን ያህል ደስ እንደሚላት ራሷም ገረማት። ግን ጠረጴዛው ላይ ከደብተሩ አጠገብ ያ የተሰነጠቀ ስልክ ተቀምጧል። ይህን ከነገረቻት ስልኩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ዘወር ብሎ ሊያይ ይችላል፤ እሷ ታዲያ ምን ትሆናለች? ለአሥራ አንድ ሳምንት ስለ ቁልፍ ቀለም የተከራከሩ ሰዎች የአባቷን ሕግ በነጻ ሊወስዱ ነው። ያ የለመደችው ንቀት ደረሰላት።

“ቆሻሻ ነው” አለች። “ለመጣል ጊዜ አጥተን ነው።”

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሣች። “ሁሉም?”

“ሁሉም።”

ልጅቷም ጻፈችው።

ባለዘጠኙ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶ ነበር። ልጅቷ ከሄደች በኋላ አባቷ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር ጠየቃት። ሜትሯ ይሥሩት፣ ሲበላሽባቸው እየተለማመጡ ይመጣሉ አለችው። ሽማግሌው እጁን በጨርቅ ጠረገና ወደ ሥራው ተመለሰ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሷ ግን ያን ዕለት ቤቷ የገባችው ቀለል ብሏት ነው።

ገጹ ልጅቷ በመጣች በስድስተኛው ሳምንት ሥራ ጀመረ። በውዶቹ ስልኮች ተከፈተ፣ በተሰነጠቁት ተከፈተ፣ በአሮጌው ኮምፒውተርም ቀስ ብሎ ተከፈተ። በሁሉም ላይ ያው ቁጥር ያው ቁጥር ነው። ሜትሯ ለትልልቆቹ ሥራዎች ስልኩ የሚለውን በልቧ ከራሷ ዋጋ ጋር ታስተያያለች። ለአንድ ሕንፃ አርባ መስኮት፣ ለአንድ ፀጉር ቤት ግድግዳ ሙሉ መስታወት። አንድም ጊዜ ዝንፍ አላለም። ትክክል በሆነ ቁጥር እግሯን የረገጧት ያህል ይሰማታል።

ትንንሹ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ስልኩ መደርደሪያ የለውም፤ ለመዳፍ ለምታህል ቁራጭ ሙሉ መስታወት ይከፍታል፣ ትራፊውንም ደንበኛው ላይ ያስከፍላል። ሰዓት ጠጋኙ ወረቀቱን ይዞ የመጣ ዕለት ከሠራተኞቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ዋጋውን ነገረው። ከለመደው ሰባት እጥፍ ነበር። ሰውየው ወደ ሜትሯ ተመለከተ። እሷ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ መኪና ቆጠረች። ሳጥኑን በፕላስተር ለጥፎት ሰነበተ፤ በመስኮቷ በኩል ፕላስተሩ ይታያታል። የጠረጴዛ መስታወት የፈለገችው ልብስ ሰፊም፣ የተሰበረ የመስኮት መስታወት የያዘው ጡረተኛም እንደዚሁ አንድ በአንድ ሄዱ። እሷ ሁሉንም ትቆጥራለች። አንድ ሰው ባዶ እጁን በወጣ ቁጥር ወንድሟ ሊለማመጣት የሚመጣበት ቀን ይቀርባል እያለች ደስ ይላታል። የትንሽ ደንበኛ መሄድ ለጠገበ ልብ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ወንድሟ ግን ትልልቆቹ ሥራዎች ስለበዙለት ልብ አላለውም።

ያ ቀን ሲዘገይባት ልታፋጥነው ፈለገች። ጥርሴን አሞኛል ብላ የሦስት ቀን ፈቃድ ወሰደች። ጥርሷ እንኳን ሊያማት ድንጋይ ይቆረጥም ነበር። እሷ በሌለችበት ትንንሾቹ ደንበኞች ሲንጫጩበት ቅመሱት ማለቷ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው አንድ ክፍል ቤቷ ተቀምጣ ስልኳን አጠገቧ አደረገች። መሳቢያ አጸዳች፣ መጋረጃ አጠበች። የመስታወት ቤት ልጅ ሆና በቤቷ ያለው አንድ መስታወት ብቻ ነው፤ እሱም አባቷ ከቁራጭ ያወጣላት ነው፣ አንዱ ጥጉ የተሸረፈ። በሁለተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ፤ የተሳሳተ ቁጥር ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠላቶቿ እሷን ለመጥራት ያፈሩ መስሏት በጣም ደስ አላት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሱቅ ስትደርስ ወንድሟ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ገና ሰላም ሳትለው ጀመረ። ትንንሾቹ ደንበኞች ተንጫጭተውበታል፤ በሦስት ቀን ሰባት ሰው እየተሳደበ ወጥቷል፣ ሠራተኞቹም ዋጋ ለመናገር አፍረዋል።

“ስልኩ ለትልቁ ጥሩ ነው፣ ለትንሹ ግን ጨካኝ ነው” አለ። “ትንንሹን አንቺ ጥሪ፣ እትዬ። እንደ ድሮው። እኔ ካንቺ በላይ አላውቅም።”

ይህን ቃል ከሱ አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቃለች። ፊቷ ላይ ግን ምንም አልታየም። ካፖርቷን አውልቃ ሰቀለች፣ በርጩማዋን በእጇ ጠረገች፣ ሳትቸኩል ወጥታ ተቀመጠች። ከማዶ ሰዓት ጠጋኙ አይቷት ኖሮ መንገዱን አቋርጦ መጣ። ከእሱም ጋር ያው ወረቀት፣ ያው ልክ። “ደህና መጣሽ” አላት፤ ከልቡ ነበር።

ሜትሯ ወረቀቱን አላየችውም፤ ሠላሳ በአርባ አምስት ነው። እንደ ልማዷ ወደ ጓሮው በር ዘወር አለች።

ብርሃን ዓይኗን ወጋት። በዚያ በር በኩል ይህን ያህል ብርሃን ገብቶ አያውቅም። መደርደሪያው የለም። ግድግዳው ላይ መስታወቶቹ ተደግፈው የኖሩበት ቦታ በአቧራው መካከል ትልቅም ትንሽም አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ሁሉንም አወቀቻቸው፤ ያ የፀጉር ቤቱ፣ ያ የትምህርት ቤቱ፣ ያ ረጅሙ አባቷ ሊሞት ሰሞን የቆረጠው። ባለዘጠኙ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

ወንድሟ ከኋላዋ ሆኖ ጓሮውን እንዳጸዳላት በደስታ ነገራት። አፑ፣ ልጅቷ ከእሷ ሰምታ እንደጻፈችው፣ በየወሩ መጨረሻ የጓሮው ቆሻሻ ይወገድ እያለ ያስታውሰው ነበር፤ እሷ ስለነበረችበት አፍሮ እንጂ ቀድሞም ሊያነሣው አስቦ ነበር። አሁን ቦታው ለአዲሱ ሱቅ መኪና ማቆሚያ ይሆናል።

“ሁለት መኪና ሙሉ ነው” አለ ባለዘጠኙ፣ ቀና ሳይል። “እሷ ቆሻሻ ነው ብላለች አሉኝ። ምን ብዬ ልከራከር፣ ልጄ? ስትዪ ሰምቼሻለሁ።”

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚለውን ተረት ሜትሯ ስንት ሰው ላይ ተርታበታለች። አሁን የምትተርትበት ሰው ፈለገች፣ አጣች። በወንድሟ ላይ ልትፈርድ ሞከረች፤ እሱ የተነገረውን ነው የሠራው። በስልኩ ላይ ልትፈርድ ሞከረች፤ ስልኩም እንደዚሁ። ልጅቷማ ጠይቃት ነበር። ያውም ሁለት ጊዜ።

ሰዓት ጠጋኙ ይጠብቃል። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ደስ ብሎት፣ ስለ ክርኑ የምትለውን ለመስማት ተዘጋጅቶ ቆሟል። ሜትሯ አሰበች። ቁራጭ የለም፤ ስለዚህ ሙሉ መስታወት መከፈት አለበት። ሙሉ የተከፈተለት ሰው ደግሞ ሁሉንም ይከፍላል፤ ይህም የአባቷ ሕግ ነው። ዝቅ አድርጋ ልትጠራለት ትችል ነበር። ግን ያ ማዘን ይሆናል፤ ማዘን አታውቅበትም፣ በዋጋ ዋሽታም አታውቅም። በሃያ ስድስት ዓመት ስለ መስታወት የዋሸችው አንድ ቃል ብቻ ነው። ቁጥሩ ጭንቅላቷ ውስጥ ተሠርቶ አለቀ፤ ጠራችው። ድምፅዋ ለራሷ የሌላ ሰው መሰላት።

ሰዓት ጠጋኙ ምናልባት ትቀልድ እንደሆነ ብሎ ከነፈገግታው ፊቷን አየ። እሷ መኪና አልቆጠረችም፤ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

“ስልኩም ይኸንኑ ነው ያለኝ” አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።